የግራ በር ልጆች

በአርባ ዋርካ ኮንዶሚኒየም የቀኝ በሮች በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይቆለፋሉ። የሚቆልፋቸው ሰው የለም። ራሳቸው ይቆለፋሉ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆንም ራሳቸው ይከፈታሉ። በዚህ ግማሽ ሰዓት ሃያ ሁለቱም ብሎኮች ዝም ይላሉ፤ ከፍ ከፍ ያሉት የግራ በር ልጆችም ወጥተው ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ያልለመደ ሰው ቢያያቸው ወረፋ የያዙ ይመስሉታል። የሚጠብቁት ነገር ግን የለም። የገንፎው ሽታ ደረጃው ድረስ ስለሚመጣ ነው።

በየፎቁ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። በ2064 ዓ.ም. ዕጣ ወጣና ለቀኝ ደረሰ። ነዋሪዎቹ ቤቱንም ያገኙት በዕጣ ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያለው የቀኝ በር ቤት በየወሩ አልሚ ዱቄትና የገንዘብ ድጎማ ያገኛል። የግራ በር ቤት ምንም አያገኝም። ሁለቱም ግን በየሳምንቱ ይለካሉ። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ የቀኝ ልጆች ከግራዎቹ ምን ያህል እንደበለጡ ይታያል፤ በልጠው ከተገኙ ዱቄቱ ይቀጥላል፣ ወደ ሌላ ሠፈርም ይሄዳል። ከዱቄቱና ከድጎማው በቀር በሁለቱ በሮች መካከል ሌላ ልዩነት እንዳይኖር ብዙ ተደክሟል። ውሃው አንድ ነው፣ ክሊኒኩ አንድ ነው፣ ለካኙም አንድ ነው።

ለካኙ እኔ ነኝ። አውግቸው እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም። ይህ ሥራ ነጥብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ንጹሕ እጅና ምንም የማያሳይ ፊት ነው። ልጁን መለኪያ ሰሌዳው ላይ አስተኛዋለሁ፣ እናቱ ጭንቅላቱን ትይዛለች፣ እኔ ጉልበቱን ጫን አድርጌ የእግር መርገጫውን አስጠጋለሁ። ሰሌዳው ቁጥሩን በጆሮዬ ይነግረኛል። ለእናትየዋ መንገር ክልክል ነው፤ ቁጥሩን ያወቀች እናት አመጋገብ ትቀይራለች፣ አመጋገብ ከተቀየረ ደግሞ ግምገማው ይበላሻል። ስለዚህ እናቶቹ ቁጥሩን ከፊቴ ላይ ለማንበብ ይሞክራሉ። ከሥልጠናው ሁለት ቀን ያለፈው መስታወት ፊት ተቀምጠን ነበር። ሰባ ሁለትም ብሰማ ሰማንያ ሁለትም ብሰማ ያው ፊት እንዲኖረኝ ተለማመድኩ።

በስምንት ወር ውስጥ ፊቴ አልታዘዝ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ብሎክ 14፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የግራ በር።

ቤቱን ረሂማ የምትባል ሴት ከተከራየችው ሦስት ወሯ ነው። የመጣችው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ድሮ ገበያ ከሚባለው፣ በማንም መዝገብ ከሌለው ሠፈር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መኪኖቹ ሹፌር መፈለግ ሲያቆሙ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። የግራ በር የተከራዩት ኪራዩ የቀኙን ግማሽ ስለሆነ ነው። ልጃቸው ሙአዝ ሲመጣ አሥራ ሰባት ወሩ ነበር፤ ሰባ አምስት ነጥብ ሦስት ሴንቲሜትር ለካሁት። ለዕድሜው ከተሰመረው መስመር በታች ነው። ከመስመሩ በታች ያለ ልጅ ቀንጭሯል ይባላል።

ያን ቀን ደግሞ ሃያ ወሩ ነበር። ሰሌዳው በጆሮዬ ሰባ ስምንት ነጥብ ስምንት አለኝ። መስመሩን አልፏል። እግሩን አስተካክዬ እንደገና ለካሁት። ያው ነው።

«ፊትህ ዛሬ ምን ነካው?» አለችኝ ረሂማ።

«ምንም።»

«ነክቶታል እንጂ። ባለፈው ለቅሶ ቤት የመጣህ ነበር የምትመስለው። ዛሬ ደመወዝ የገባለት ሰው መስለሃል።»

«ምን እያበላሽው ነው?» አልኩ። ይህንን መጠየቅም ክልክል ነው።

«የምንበላውን» አለችና ዓይኗ ለአንድ አፍታ ወደ ግድግዳው ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ የቀኝ በር ቤት አለ።

የጥበቃ ደመወዝ ይህን ያህል ሴንቲሜትር እንደማያመጣ አውቃለሁ። ስምንት ወር ስለካ የሰው ገቢ በልጁ ቅልጥም ላይ እንዴት እንደሚታይ ለምጄዋለሁ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ ነበርኩ። በሩ በሚቆለፍበት ሰዓት ወደ ማንም ቤት መግባት አይፈቀድልኝም። የምኖረው ብሎክ 9፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው። በረንዳዬ ከብሎክ 14 ጀርባ ጋር ይተያያል። ይህችን ግማሽ ሰዓት በየቀኑ የማሳልፋት ደመና እያየሁ ነው፤ ደመናው ላይ ከተማ እሠራለሁ፣ መንገድ እቀይሳለሁ፣ ሰው አሰፍራለሁ። ያን ቀን ግን ወደ ታች አየሁ።

እጆች አየሁ። የቀኝና የግራ ቤቶች በረንዳ ከኋላ በኩል ጎን ለጎን ነው፤ መሐላቸው ያለው ክፍተት ግማሽ ሜትር አይሞላም። በየፎቁ ከቀኝ በረንዳ አንድ እጅ ማንኪያ ይዞ ይወጣል። በግራ በረንዳ አንዲት እናት ልጇን አጥብቃ ይዛ ብረቱ ላይ ታስጠጋዋለች። ማንኪያው አየሩን አቋርጦ ልጁ አፍ ይገባል፣ ይመለሳል። ቀጥሎ ማንኪያ የያዘችው ለራሷ ልጅ። ቀጥሎ እንደገና ማዶ። ከዱቄቱ ጋር የተሰጠው ማንኪያ ይቆጥራል፤ በቀን አርባ ካልቆጠረ የዚያ ወር ድጎማ አይገባም። ከቤቱ ሁለት ሜትር ከራቀም ይጮኻል። አፍ ውስጥ መግባቱን ያውቃል። የማን አፍ እንደሆነ አያውቅም።

በሦስተኛው ፎቅ ማንኪያ የያዘችው ትርንጎ ነበረች፤ የረሂማ የፊት ለፊት ጎረቤት። አንድ ለልጇ ለሶልያና፣ አንድ ለሙአዝ። ወደ ብሎክ 15 ዞርኩ፤ እዚያም ያው ነው። ብሎክ 16ም ያው። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሒሳቡ ወደ ጭንቅላቴ መጣ። ሃያ ለቀኝ፣ ሃያ ለግራ። ለመጨረሻው ልኬት የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

በሩ እንደተከፈተ ወደ ትርንጎ ቤት ወጣሁ። ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ክርም ሰውም በጥርሷ ትቆርጣለች ይሏታል።

«ትርንጎ፣ አይቻለሁ» አልኳት።

«ምን አየህ?»

«በረንዳውን።»

ገንፎ የነካውን ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ስምንት ወር ፊት ለፊታችን ተቀምጠህ ዛሬ ነው ያየኸው? እኛ እኮ እንዳላየ የሚያልፍ ጨዋ ልጅ ነው እያልን ስናመሰግንህ ከረምን።»

ረሂማ በሯ ላይ ቆማ ስትስቅ ሰማኋት።

«ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። ፈርመሻል።»

«ፈርሜያለሁ። ስፈርም ገንፎው ይሸታል ያለኝ የለም። በሩን ይቆልፉት፤ ሽታውን በምን ይቆልፉታል? እዚያ ማዶ ልጅ እያለቀሰ፣ ምራቁን ሲውጥ እየሰማሁ የራሴን ላጉርስ? ደግሞ እሷስ እንዲህ በልታ ምን ዓይነት ሰው ልትሆን ነው?»

«ሰኔ ሃያ የመጨረሻው ልኬት ነው» አልኩ። «ቀኙንና ግራውን ያነጻጽራሉ። እኩል ከሆኑ ዱቄቱ አይሠራም ይላሉ።»

«እኩል መሆናቸው ክፉ ነው?»

«ክፉ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«መለያየት አለባቸው።»

«ልጆቹ?»

«ቁጥሮቹ።»

ትርንጎ ሶልያናን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረቻት። «አውጌ፣ አንተ ተምረሃል። እስቲ ለእኔ ለደንቆሮዋ አስረዳኝ። ዱቄቱ የመጣው ልጅ ሊያሳድግ ነው። አንድ ያሳድጋል ተብሎ መጣ፤ ሁለት አሳደገ። ጥፋቱ ይኼ ነው?»

ሥልጠናው ላይ ለዚህ የተሰጠን መልስ ነበር። አፌ ላይ መጣና አፈርኩበት።

«ሦስት ሳምንት ብቻ» አልኩ። «እስከ ልኬቱ ድረስ ለሶልያና ብቻ ስጪ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ።»

ረሂማ ከበሯ ተነስታ መጣች። «ሦስት ሳምንት ሙአዝን ምን ላብላው? ያንን ፊትህን?»

ማንም አልሳቀም። ራሷ መልሳ ወደ ትርንጎ ዞረች። «ይቅር ትርንጎዬ። ከነጭራሹ ከሚቀርብሽ ለሦስት ሳምንት ይቅርብን።»

ሁለት ቀን ማንኪያው ማዶ ሳይሻገር ቀረ። በሁለቱም ቀን ሙአዝ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ እስከ ብሎክ 9 ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን የትርንጎ እጅ ወጣ። ለነገሩ በሦስት ሳምንት የሚመጣ ለውጥ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ የተካፈሉትን በሃያ ቀን መለየት አይቻልም። ይህንን ስለምናቸውም አውቀው ነበር፤ ምንም ሳላደርግ መቀመጥ አቅቶኝ ነው የለመንኳቸው።

ወደ አስተባባሪያችን ወደ ጋሽ ዳምጠው ሄድኩ። ጋሽ ዳምጠው በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይተዋል፤ ጡረታቸው ደርሷል። ቢሯቸው የነዋሪዎቹ የጋራ ቤት የሆነው ኮሚናል ምድር ቤት ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ለዚህ ቅጽ አለ» አሉ። «የባከነ ድጋፍ ይባላል። የቤት ቁጥር ነው የሚጠይቀው።»

«ሁሉም ናቸው ጋሽ ዳምጠው።»

«ሁሉም የሚል ቦታ የለውም። አንድ በአንድ ነው የምትሞላው። የሞላህበት ቤት ከነገ ጀምሮ ዱቄቱ ይቆማል፣ ከዝርዝርም ይወጣል። ሁሉንም ከሞላህ የሚነጻጸር ቀኝ አይኖርም። የሚነጻጸር ከሌለ ፕሮግራሙ ይዘጋል።»

«ካልሞላሁስ?»

«እኩል ይወጡና ይዘጋል።»

«በሁለቱም መንገድ?»

«ሻይ ጠጣ» አሉኝ።

ጠጣሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል።

«ይኼ ስድስተኛ ፕሮግራሜ ነው» አሉ ጋሽ ዳምጠው። «በ2047 የነበርንበት ሠፈር በግድግዳ ቀዳዳ ነበር የሚቀባበሉት። ቀዳዳውን ደፈንነው። በጣሪያ በኩል አደረጉት። የሚቆለፈው በር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ስከለክል ኖሬያለሁ። አልሆነልኝም።»

«ለምን አልጻፉትም?»

«ጽፌያለሁ እንጂ። የማኅበረሰቡ ባህል ለግምገማ አመቺ አይደለም የሚል መልስ መጣልኝ። ደብዳቤው አሁንም አለ፤ ላሳይህ?»

አላየሁትም። ከቢሯቸው ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። ቀኝና ግራ በአንድ ማንኪያ እየበሉ እርስ በርስ ማነጻጸሩ ከንቱ ነው። ማንኪያው ያልደረሰበት ልጅ ያስፈልጋል። ሙአዝ ሲመጣ የነበረውን ቁጥር አስታወስኩ። ዕለቱኑ ወደ ረሂማ ቤት ተመለስኩና ድሮ ገበያ የምታውቀው ሰው እንዳለ ጠየቅኳት።

«እህቴ ዘይነባ እዚያ ናት። ምን ልታደርግ ነው?»

«ልጆቹን ልለካ።»

«ሰሌዳውን ሰጡህ?»

«አልሰጡኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አየችኝ።

ሁለት እሑድ ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከረሂማ ጋር ሐዲዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ድሮ ገበያ ገበያ የለም። ከቆርቆሮና ከአሮጌ የመኪና በር የተሠሩ ቤቶች ናቸው፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ዘይነባ ሰሌዳውን ግቢዋ ውስጥ አስዘረጋችኝና ሴቶቹን ጠራች።

«ምን ሊሰጥ ነው?» አለች የመጀመሪያዋ።

«ምንም አልሰጥም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ትለካለህ?»

«ልጆቹ ትንሽ መሆናቸውን ለማሳየት።»

«ለዚህ ሰሌዳ ያስፈልገዋል?» አለች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሆኖም ልጇን አስተኛችልኝ።

እዚህ ቁጥሩን የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ እየጮህኩ አነበብኩት። የማንም ፊት አልተለወጠም። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ነበር የሚሉኝ፤ እኔም ወደ ማስታወሻዬ አቀረቅር ነበር። የልደት ቀን ስጠይቅ አንዷ ከአረፋ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ሌላዋ ውሃው የጠፋ ሰሞን ትለኛለች፤ የክትባት ካርድ ያላቸው ጥቂት ናቸው። የዘይነባ ልጅ ከሙአዝ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደችው። ሰባ አራት ነጥብ ሁለት ሆነች። ረሂማ ቁጥሩን ስትሰማ ከጎኔ ተነስታ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን አጥሩ ጋ ቆመች።

አርባ አንድ ልጅ ለካሁ። ማታ ማታ በእጄ ጻፍኩት፤ አራት ገጽ ሆነ። የድሮ ገበያ ልጆች ከአርባ ዋርካ እኩዮቻቸው፣ ከቀኞቹም ከግራዎቹም፣ በአራት ሴንቲሜትር ያጥራሉ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። ዱቄቱ ግማሽ ሆኖም ይሠራል። ይህን ያነበበ ሰው ዱቄቱን ከግራ በርም አልፎ ለሁሉም ያደርሰዋል ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም በር ክፍት ሆኖ፣ ሶልያና አርባ፣ ሙአዝም አርባ ማንኪያ ሲበሉ ታየኝ። ሐዲዱ ማዶም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ ይቀናኛል።

ሰኔ ሃያ የመጨረሻው ልኬት ተካሄደ። ሁለት ቀን ቆይቶ ከውጤት ማዕከሉ ወይዘሪት ኤልዳና መጣች። ተንታኝ ናት፤ ወጣት፣ እንቅልፍ የራቃት የምትመስል፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት። በቀኝና በግራ መካከል የተገኘው ልዩነት ሁለት ሚሊሜትር ነበር።

አራቱን ገጽ ሰጠኋት። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ትክክል ነህ» አለችኝ።

ይህንን አልጠበቅኩም። «እንደዚያ ከሆነ ይጻፉት» አልኩ።

«ልጽፈው አልችልም። እነዚህ ልጆች ዕጣ ውስጥ አልነበሩም። ከሐዲዱ ማዶ የተገኙት ስለደኸዩ ነው። ያጠሩት ዱቄቱን ስላጡ ይሁን ሌላ ነገር ስላጡ በምን አውቃለሁ?»

«ሁሉንም ነው ያጡት።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

«ሙአዝስ? ከዚያ መጥቶ በሦስት ወር መስመሩን አልፏል።»

«አንድ ልጅ ነው አውግቸው።»

«እኔ የማውቀው እሱን ነው» አልኩ።

ወረቀቶቹን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አባሪ አድርጌ አስገባዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ አባሪ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።» ሰሌዳውን ያለ ፈቃድ ስለመውሰዴ ምንም አላለችኝም። ሐዘኔታዋ ከቁጣ ይልቅ አበሳጨኝ። ብትቆጣ ኖሮ የምከራከራት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ውሳኔው የመጣው ሐምሌ ሃያ አራት ነው። አባሪውን ያነበበ ሰው ነበር። ጋሽ ዳምጠው ጽሑፉን በቢሯቸው ግድግዳ ላይ አብርተው አሳዩኝ፤ ሁለት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው፣ በአርባ ዋርካ በድጋፉ ምክንያት የተገኘ ልዩነት ስለሌለ ዱቄቱና ድጎማው ከዛሬ ጀምሮ ይቋረጣል ይላል። ሁለተኛው፣ በአባሪው እንደተመለከተው ከሐዲዱ ማዶ ከፍተኛ መቀንጨር ስለተገኘ ቀጣዩ የአምስት ዓመት ፕሮግራም በድሮ ገበያ ይጀመራል፤ ከመንገዱ በላይና በታች ባሉት ቤቶች መካከል ዕጣ ይወጣል ይላል። ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑ የአርባ ዋርካ ልጆች፣ ቀኝም ግራም፣ በቀድሞው ለካኝ መለካታቸውን ይቀጥላሉ።

«ለአንተ ዕድገት ነው» አሉ ጋሽ ዳምጠው። «ሁለት ሠፈር ሆነልህ። ደመወዝህም ይስተካከላል።»

«ጋሽ ዳምጠው፣ እኔ የጻፍኩት እንዳይቋረጥ ብዬ ነው።»

«አልተቋረጠም እኮ። ቦታ ነው የቀየረው።»

«ቦታውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

«እሱማ አንተ ነህ» አሉ። ወደ በራዱ ዞረው ሻይ ቀዱልኝ። አልጠጣሁም።

ብሎክ 14 ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ። ትርንጎና ረሂማ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ሙአዝና ሶልያና በመሐላቸው በትሪው ጠርዝ ይጫወታሉ። ቆሜ ነገርኳቸው። አንዱንም አላስቀረሁም፤ አባሪውንም ማን እንደጻፈው ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የተናገረችው ረሂማ ናት።

«ለዘይነባ ልጅ ይደርሳታል?»

«ዕጣ ከወጣላት።»

«ካልወጣላትስ?»

«ትለካለች።»

«እሺ» አለች። ምስሩን ወደ ጎን አደረገችው። «እኔ ደግሞ ከዚያ የወጣሁት ልጄ ይደግልኝ ብዬ ነበር።»

«በእኔ ነው የሚስቁት» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «የሠራሁት ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ብናገር ይዘጋል፣ ዝም ብል ይዘጋል። ማስረጃ አመጣሁ፤ በማስረጃዬ ዘጉት።»

«አትጩህ፣ ልጆቹ ይደነግጣሉ» አለች ትርንጎ። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና የመጨረሻውን የዱቄት ከረጢት ጎትታ አወጣችው። አፉ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል። «ይኼስ? መልሱ ይላሉ?»

«አይሉም። የገባ ገብቷል።»

«ስንት ቀን ያቆየናል?»

መጠኑን አውቀዋለሁ፤ የአንድ ወር ነው፣ ስምንት ቀን ተበልቶበታል። «በቀን አርባ ማንኪያ ከሆነ ሃያ ሁለት ቀን።» ይህንን ብዬ ማቆም ነበረብኝ። እልህ ይሁን ሐዘን አላውቅም፣ ቀጠልኩ። «ሶልያና ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ወር ነው የቀራት፤ ከዚያ በኋላ ያመለጣትን ማካካስ ይከብዳል። ከእንግዲህ ቀኙን ከግራው የሚያነጻጽር የለም፤ ልክም ስህተትም የለውም። ዱቄቱ የአንቺ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉውን ብትበላ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው ትርንጎ።»

ረሂማ ማንንም አላየችም። ሙአዝን ከመሬት አንስታ ልብሱን አራገፈችለትና ወደ በሯ መራመድ ጀመረች።

ትርንጎ ከረጢቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች መቆንጠጫውን ፈታች። «ማንኪያው አሁን ይቆጥራል?» አለችኝ።

«አይቆጥርም። ዛሬ ጠዋት አጥፍተውታል።»

«ከአርባ ቢያልፍ የሚጠይቀኝ የለም?»

«የለም።»

«ለሁለቱም አርባ አርባ ብሰጥ ስንት ቀን ነው?»

«አሥራ አንድ» አልኩ።

ትርንጎ ቀና ብላ ወደ ግራው በር አየች። «ረሂማ» አለች፣ «አንቺ ሴት፣ የት ትሄጃለሽ? የሙአዝን ሳህን አምጪ።»